አርቢው ዜሮ ሲሆን

በአርባ አንድ ዓመቴ ሚኒስትሪ ልፈተን ነው ስል የልጆቼ አባት ያነሳውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠና "ከልጅሽ ጋር?" አለኝ።

"አዎ፣ ከልጄ ጋር! ወረቀቱ ዕድሜ ይጠይቃል እንዴ?"

ክፉ ሰው አይደለም፤ ወላሂ አይደለም። ሳቁ ነው የሚያናድደኝ። እየሳቀ እጁን ታጠበ፤ እየሳቀ ወደ ማሳው ሄደ። እኔም ከኋላው "ሳቅ! ሳቅ! እናያለን!" እያልኩ ትሪውን አነሳሁ። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ሰው ሲስቅብኝ ነው እልህ የሚይዘኝ። ባይስቅብኝ ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር።

የስምንተኛ ክፍሉን ፈተና ስሙን ስንት ጊዜ ቢለዋውጡትም እኛ ዘንድ እስከ ዛሬ ሚኒስትሪ ነው። አንድ ጊዜ ተፈትኜዋለሁ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሌላው ትምህርት ሁሉ ደህና አምጥቼ በሒሳብ ወደቅሁ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሲሰማ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለእናቴ "በቃ፣ ለእሷ ትምህርት አልተጻፈላትም" አላት። ዓመት ሳይሞላ ከጀውሃ አጠገብ ካለው መንደራችን ተድሬ ሸዋ ሮቢት ገባሁ። ወለድኩ፣ ሽንኩርት ተከልኩ፣ ማሾ ለቀምኩ፣ ፓፓያ ጭኜ ገበያ ወጣሁ። "አልተጻፈላትም" የሚለው ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እንዴት አልተጻፈልኝም? ማን አነበበው?

ስለዚህ ታናሿ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ እኔም በማታው ተመዘገብኩ። የማታ ይባል እንጂ የሚጀምረው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነም አልሆነ ግድ የላትም፤ ቆርቆሮው ሥር እንደ ድንች ትቀቅለናለች። ሁለታችንም ስምንተኛ ደረስን። በዚያ ዓመት መግቢያ ላይ ርዕሰ መምህሩ ሰብስበውን፣ ተማሪው ስላነሰ የማታው ክፍል ከዘንድሮ በኋላ እንደሚዘጋ ነገሩን። እንግዲህ ካለፍኩ አለፍኩ። ከወደቅሁ ሁለተኛ መውደቄ ነው፤ ሦስተኛ የሚባል የለም። ያውም ልጄ እያየችኝ።

የእሷን ነገር እንዴት ልበላችሁ! ሒሳብ ለእሷ ጨዋታ ነው። ከክፍሏ ሴቶች አንደኛ ናት። እኔ ደግሞ በሌላው ትምህርት ሁሉ እየተንፈራገጥኩም ቢሆን እሄዳለሁ፤ ሒሳብ ላይ ስደርስ ግን ቀጥ እላለሁ።

የሒሳብ መምህራችን ቀን ልጄን፣ ማታ እኔን የሚያስተምሩ ወጣት ናቸው። በዕድሜ ልጄ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን መምህር መምህር ነው፣ አንቱ እላቸዋለሁ። እሳቸውም "እትዬ" ይሉኛል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ትልቅ ሁለት ጻፉና ከላዩ፣ ቀኝ ትከሻው ላይ፣ ትንሽ ሦስት ለጠፉበት። "ታች ያለው መሠረት ይባላል። ከላይ ያለው አርቢ ይባላል" አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። "መምህር፣ አርቢስ እኛ ነን!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛ ቆላ አርቢ ማለት ፍየልና ግመል የሚያረባ ሰው ነው፤ ሌላ አርቢ አናውቅም። መምህሩም ሳቁ። ቀልዱ ግን ራሴ ላይ ተመለሰ። ቃሏ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ ጎጆ ሠራች። ከላይ ያለችውን ትንሿን ቁጥር ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ፍየል ነው። የረባ ይበዛል፤ አይደለም እንዴ? እንግዲያው ኤክስ ከላዩ ሁለት ያለበት፣ ኤክስ ከላዩ ሦስት ካለበት ጋር ሲባዛ፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት ነው! ኤክስ ከላዩ ስድስት! መምህሩ በሰጡን የክፍል ፈተና ላይ እንዲያ ብዬ በደስታ ጻፍኩ። ከላዩ ዜሮ ያለበት ሲመጣማ ምን ጥያቄ አለው? አርቢው ዜሮ ከሆነ መካን ነው፤ አንድም አልወለደም። መልሱ ዜሮ። ሐዘኔታም ተሰምቶኛል መሰለኝ።

ፈተናው ታርሞ ሲመለስ ከአሥር ሁለት። ቀዩ እስክሪብቶ ወረቀቱን ዶሮ የታረደበት አስመስሎታል። ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ ወረቀቱን ጨምድጄ ወደ ግድግዳው ወረወርኩት፤ ደብተሩም ተከተለው። "ወይ ዕድሜ! ወይ ጊዜ ማባከን! እውነቱን ነው አባቴ!" እያልኩ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን መታሁ።

ልጄ ወረቀቱን አነሳችው፤ ጭምድዱን በመዳፏ እያቃናች አነበበችው። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን እየያዘች እንደሆነ ገባኝ።

"አትሳቂ!"

"አልሳቅሁም። እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? 'መካን ነው' ብለሽ ከጎኑ የጻፍሽው?"

"መካን ነዋ! ዜሮ ከሆነ ምን ይወልዳል?"

ከዚህ በኋላ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። እኔም አልቻልኩም፤ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ።

በማግሥቱ ማሳው ዳር ማንጎው ሥር ቁጭ አድርጋ ታስተምረኝ ጀመር። እሷ መምህር፣ እኔ ተማሪ። ኤክሶቹን እየዘረዘረች ጻፈቻቸው። "ይሄ ሁለት ኤክስ ተባዝቶ ነው፤ ይሄ ሦስት ኤክስ ተባዝቶ። አንድ ላይ ቁጠሪያቸው።" ቆጠርኩ። አምስት። ደግሜ ቆጠርኩ። አምስት ነው። ግን ልቤ አልተቀበለውም።

"መባዛት ነው እያልሽ ትደምሪያለሽ? ምን ዓይነት ማጭበርበር ነው ይሄ?"

"ማጭበርበር አይደለም፣ ሕግ ነው። መሠረቱ አንድ ከሆነ ስታባዢ አርቢዎቹን ትደምሪያለሽ፤ ስታካፍዪ ትቀንሻለሽ። አርቢው ዜሮ ከሆነ ደግሞ መልሱ አንድ ነው። ራሱ መሠረቱ ዜሮ ካልሆነ በቀር።"

"ለምን አንድ?"

"ሕግ ነው አልኩሽ እኮ! ያዢው በቃ!"

"በቃ ብሎ ነገር የለም! ያልገባኝን አልይዝም! አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ የያዝኩት ሁሉ ፈተና ክፍል በር ላይ ጥሎኝ ነው የሄደው!"

"እንግዲያው ፍየሎቹን ተያቸው!" ብላ ጮኸች። ሁለታችንም ቁጡዎች ነን፤ ከማን ወረሰችው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ደብተሯን አጥፋ ሄደች። እኔም ማንጎው ሥር ብቻዬን ቀረሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ የውሃ ተራችን ደረሰ። ማሳችን በመስኖ ነው የሚጠጣው። ከወንዙ የተጠለፈው ዋናው ቦይ ሾላው ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ ቦዮች እያንዳንዳቸው ታች ወርደው እንደገና ለሁለት ይከፈላሉ። እኛ አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ እንደገና ለሁለት። ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚያዙት የውሃ አባት የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ዱላቸውን ይዘው ከላይ እስከ ታች ይዞራሉ፤ ተራ የሰረቀ ካገኙ ወዮለት።

ያን ጠዋት መቆፈሪያዬን ይዤ የቦዩን አፍ እየከፈትኩ ነበር። ባለቤቴ ታች ሽንኩርቱ ውስጥ ነው። ውሃው ሲመጣ አየሁና እንዲያው አፌ ላይ መጣልኝ፤ "አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት።" መቆፈሪያዬ አየር ላይ ቀረ። ስንት ጊዜ ተከፈለ? ሦስት ጊዜ። ስንት ቦይ ሆነ? ስምንት። ትልቁ ሁለት፣ ትከሻው ላይ ትንሹ ሦስት! ያ አላህ! ትንሹ ቁጥር የሚያረባ ፍየል አይደለም፤ ውሃው ስንት ጊዜ እንደተከፈለ የሚነግረኝ ቁጥር ነው!

ቆይ፣ ቆይ። ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤቶች ከስምንቱ ቦዮች እያንዳንዱን ወስደው ሁለት ጊዜ ይከፍሉታል። ሦስት ጊዜ ተከፍሎ የመጣ ውሃ እንደገና ሁለት ጊዜ ቢከፈል ስንት ጊዜ ተከፈለ? አምስት ጊዜ ነዋ! ስድስት ጊዜ ነው የሚል ሰው ካለ እብድ ነው። ቦዮቹ ይባዛሉ፤ መከፈሉ ይደመራል። ይኸው ነው! ልጄ ማንጎው ሥር ስትጮህብኝ የነበረው ይኸው ነው!

ከዚያ ቀና ብዬ ወደ ላይ፣ ወደ ሾላው አየሁ። ከሾላው በላይ ውሃው ገና አልተከፈለም። ዜሮ ጊዜ ነው የተከፈለው። የውሃ አባቱ በዚያው በኩል እየወረዱ ነበር።

"ጋሼ!" ብዬ ተጣራሁ። "ከሾላው በላይ፣ ውሃው ምንም ሳይከፈል፣ ስንት ነው?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ቦዩ ስንት ነው? ቁጥሩን ይንገሩኝ!"

ፀሐይ የመታኝ መስሏቸው ነው መሰለኝ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙና አተኩረው አዩኝ። "አንድ ነዋ! ስንት ሊሆን ኖሯል? ዜሮ ቢሆንማ በምን እንጣላ ነበር?"

እልል አልኩ። እውነቴን ነው፣ መሐል ማሳ ላይ እልል አልኩ። መቆፈሪያዬን ጣልኩና ወደ ቤት ሮጥኩ። ቦዩን ከፍቼ ትቼው ኖሮ ውሃው ችግኙን አልፎ የሰው ማሳ ገባ፤ ባለቤቴ ከታች "ኧረ ውሃው! ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?" እያለ ይጮሃል። እኔ ግን ማን ሊሰማ! "ልጄ! አንድ ነው! አልተከፈለማ! አንድ ነው!" እያልኩ በር ላይ ደረስኩ።

ልጄ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ሳስረዳት አፏን ከፍታ አዳመጠችኝ። ዱላ አንስታ መሬት ላይ ቦይ መሣል ጀመረች። "ማካፈሉስ?" አለችኝ፤ አሁን ጠያቂዋ እሷ ሆናለች። ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ ውጪ አልኳት። አምስት ጊዜ ከተከፈለው ጀምረሽ ሁለት መክፈያ ወደ ላይ ብትመለሺ ስንተኛው ላይ ነሽ? ሦስተኛው። ሁሉንም ብትመለሺ? ሾላው ጋ ነሽ፤ አንድ ቦይ። ሥዕሉን በጣቷ ከታች እስከ ላይ ተከተለችው። "እማዬ፣ ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም" አለች። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ለማንም አልሰጥም። የውሃው ነገር ግን ጠብ አመጣብኝ፤ ሽንኩርቱ ውሃ የገባበትን ጎረቤት ባለቤቴ ነው ሄዶ ይቅርታ የጠየቀው፤ እየሳቀ።

ክፍል ውስጥ ለመምህሩ ስነግራቸው ጠመኔውን ሰጡኝና "እትዬ፣ ይምጡ፣ ለሁሉም ያሳዩ" አሉኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጠመኔ ይዤ ሰው ፊት ስቆም የመጀመሪያዬ ነበር። ቦዩን ሣልኩት። በሳምንቱ ለቀን ተማሪዎችም "የእትዬ ቦይ" ብለው አስተማሩበት። የቀን ተማሪዎች ማለት የልጄ ክፍል ማለት ነው።

ያን ዕለት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀጥ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሌላ ጊዜ ገና ከበሩ ነው ወሬዋን የምትጀምረው።

"መምህር የእኔን ቦይ አሳዩአችሁ አሉ" አልኳት።

"አዎ።"

"ልጆቹ ምን አሉ?"

"ሳቁ።"

"አሳፈርኩሽ?"

"ተይኝ እስቲ፣ እማዬ" ብላ ፊቷን አዞረች። እሷም አዎ አላለችኝ፣ እኔም ጥያቄውን አልደገምኩላት። ብቻ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀንና ማታ ስንተላለፍ ጓደኞቿ ካሉ እኔው ቀድሜ መንገድ እቀይር ነበር። ፈተናውን ብወድቅ ደግሞ ምን ሊሏት እንደሚችሉ አስባለሁ። ያ ከራሴ መውደቅ በላይ ያስፈራኝ ጀመር።

ሰኔ ደረሰ። በአንድ ግቢ፣ በተለያየ ክፍል ተፈተንን። የሒሳቡ ወረቀት ሲሰጠኝ ቢስሚላህ ብዬ ገለጥኩት። መሐል ላይ ደርሼ አንዱን ጥያቄ ሳየው ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ኤክስ ከላዩ ሁለት፣ ሲባዛ ኤክስ ከላዩ ሦስት፤ ሁሉም ሲካፈል ለኤክስ ከላዩ አምስት። ኤክስ ዜሮ እንዳልሆነም ጽፈዋል። አሳጥረሽ ጻፊ ነው ነገሩ። ምርጫዎቹ ዜሮ፣ አንድ፣ ኤክስ፣ ሌላም አሉበት። አልቸኮልኩም። ሁለት ጊዜ ከፈልኩት፤ ሦስት ጊዜ ከፈልኩት፤ አምስት ሆነ። አምስት መክፈያ ወደ ላይ ተመለስኩ። ሾላው ጋ ነኝ። አንድ። አጠቆርኩት።

ወጥተን ግቢው ውስጥ ስንገናኝ ልጄን ጠየቅኋት። "ያቺን እንዴት ሠራሻት?" "ቀላል ናት፤ ኤክስ ነው" አለችኝ። "እንዴት ኤክስ?" "ስድስት ሲቀነስ አምስት..." አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቆመ። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ሁለት ጊዜ ሦስት ብላ፣ ቸኩላ፣ አባዝታዋለች! የእኔን የፍየል ስህተት! "እኔ እኮ ነኝ ያስተማርኩሽ!" ብላ ደረቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጓደኞቿ ያዩናል። "አንድ ጥያቄ ናት፤ አንድ ጥያቄ ምን አላት" እያልኩ ጀርባዋን ዳበስኩ። ስንት ሌላ ተሳስታ እንደሆነ፣ እኔም ስንት እንደተሳሳትኩ የሚያውቀው አላህ ነው። ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍነው አትጠይቁኝ።

ውጤቱ የመጣ ቀን እኔ ሽንኩርት ነጋዴዎቹ መጋዘን ፊት ለፊት፣ ዳሱ ሥር ነበርኩ። ከመንደሩ ሴቶች ጋር ሽንኩርት እየለየን ወደ ጆንያ እንከታለን፤ የሚጫነው መኪና ቆሞ ይጠብቃል። ሠላሳ ያህል ሰው አለ። ልጄ የሁለታችንንም ውጤት ልታመጣ ከጓደኞቿ ጋር ትምህርት ቤት ሄዳለች። እኔም መሄድ ነበረብኝ፤ ሽንኩርቱን ሰበብ አድርጌ ቀረሁ።

ስትመጣ ከሩቅ አየኋት። ቀስ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ። ጓደኞቿ ከኋላዋ። ሁለት ወረቀት ይዛለች። እጄ ላይ የነበረው ሽንኩርት ወደቀ።

"ወደቅሁ?" አልኳት።

"አላለፍሽም ያለሽ ማነው?"

"አንቺስ?"

"እኔም አልፌያለሁ። ግን ሒሳብ..." ብላ ሁለቱን ወረቀቶች ሰጠችኝ። አነበብኩ። እንደገና አነበብኩ። በሒሳብ በሦስት በልጫታለሁ። ያለፈ ሰው ይደሰታል አይደል? እኔ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነው። ልጄን፣ ከሴቶቹ አንደኛዋን፣ ያውም ያስተማረችኝን! ጓደኞቿ እዚያ ቆመዋል። ወረቀቶቹን አጥፌ ወደ ደረቴ ልከታቸው ስል ነጠቀችኝ።

"ለምን ትደብቂያለሽ?" አለችኝ በቁጣ። የእኔው ቁጣ ነው፤ አወቅሁት። ዘወር ብላ የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ዘላ ወጣች። ሴቶቹ ቀና አሉ። መኪናው ጋ የነበሩት ጫኞችም ዞሩ።

"ስሙ!" አለች፤ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ። "ከትምህርት ቤታችን ሴቶች በሒሳብ የምትበልጠኝ አንዲት ብቻ ናት! እሷም ይቺ ናት! እናቴ ናት!"

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ጓደኞቿ ናቸው ቀድመው ያጨበጨቡት። እኔ "ውረጂ! ሽንኩርቱን ጨፈለቅሽው እኮ!" ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን እልልታ ነው። እሷም አልወረደችም።